«ይቺን ያዥልኝ»፦ ስለ ደቻቱ አሸዋና መድኃኒት ስለማይበግራቸው ጀርሞች

(የሰፈራችን እድሮች ድሬዳዋ ላይ ባዘጋጁት የእሁድ ስብሰባ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከስልክ ቅጂ የተገለበጠ ስለሆነ የአፍ ወግነቱን ብዙም አልነካካሁትም። ደቻቱ ከተማችንን የሚያቋርጠው ወንዝ ነው።)

እንደምን አደራችሁ! ኧረ ድምፅ የለም፤ ቁርስ አልበላችሁም እንዴ? እንደምን አደራችሁ! አዎ፣ የድሬ ሰው እንዲህ ነው። አሰላሙ አለይኩም። አካም ቡልተን። ነበድ።

የእድር ሰብሳቢዎቻችን፣ አባቶች፣ እናቶች፣ ወጣቶች፣ ከሐረር ድረስ የወረዳችሁልን እንግዶች፣ እግዜር ያክብርልኝ። ሰብሳቢያችን ሲጋብዙኝ «ስለ ጤና ትንሽ ንገሪን፣ ግን አታስፈራሪን» ብለውኛል። መናገሩን እሺ ብያለሁ፤ ስለ ማስፈራራቱ ግን ቃል አልገባሁም። (ሳቅ)

ለማታውቁኝ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖርኩት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። የናንተን ደም፣ ሽንትና ሰገራ ሳይ ነው ያረጀሁት። እዚህ ከተቀመጣችሁት ግማሾቻችሁን የማውቃችሁ በመልካችሁ ሳይሆን በናሙናችሁ ነው። (ሳቅ) አይዟችሁ፣ ምስጢር ነው።

ዛሬ ሦስት ነገር ነው የምናገረው። አንደኛ፣ የዋጥነው መድኃኒት ከኛ ሲወጣ የት ይሄዳል? ሁለተኛ፣ ውሃ ውስጥ ጀርሞች ተገናኝተው ምን ይሠራሉ? ሦስተኛ፣ እኛ ምን እናድርግ? ሦስተኛው አጭር ነው። ፀሐዩ ሳይጠና ወደ ቤታችሁ እሸኛችኋለሁ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር እናጥራ። ስንቶቻችሁ ናችሁ «እኔ አሞክሳሲሊን አይሠራልኝም፣ ሰውነቴ ለምዶታል» ያላችሁ? እጅ አውጡ። አትፈሩ። አያችሁ? ግማሹ አዳራሽ! እንግዲህ ልንገራችሁ፣ የሚለምደው ሰውነታችሁ አይደለም። የሚለምደው ጀርሙ ነው። ደግሜ ልበለው፣ ጀርሙ ነው። ይሄ ትልቅ ልዩነት አለው። ሰውነታችሁ ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ የናንተ ብቻ ነበር። ጀርም ግን ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። በሕይወቱ አንዲት ካፕሱል ያልዋጠ ሕፃን፣ ሌላ ሰው ቤት መድኃኒት የለመደ ጀርም ሊይዘው ይችላል።

ይሄን በዓይኔ ነው ያየሁት። ላቦራቶሪ ውስጥ «ካልቸር» የሚባል ምርመራ አለ። ጀርሙን ሳህን ላይ እናሳድገዋለን። ጄሎ የሚመስል ምግብ አለው። በላዩ ላይ ትንንሽ ክብ ወረቀቶች እናስቀምጣለን። እያንዳንዷ ወረቀት ላይ የተለያየ መድኃኒት አለ። በሰውነት ሙቀት ያድራል። ጠዋት ስንከፍተው፣ መድኃኒቱ ሠርቶ ከሆነ በወረቀቷ ዙሪያ ጀርም የሌለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ቀለበቱን በማስመሪያ እንለካዋለን። ሰፊ ቀለበት ስናይ ደስ ይለናል። አንዳንዴ ግን ቀለበት የለም። ጀርሙ ወረቀቷ ጠርዝ ድረስ መጥቶ፣ ተደግፏት ተኝቷል።

ሥራ ስጀምር ቀለበት ሳይ ነበር የምውለው። ጡረታ ልወጣ ስል ስድስት ወረቀት አስቀምጬ አንድም ቀለበት ያልወጣበት ሳህን አይቻለሁ። አንዴ ብቻ አይደለም። የውጤቱን ወረቀት ሞልቼ ለሐኪሙ ስሰጠው፣ እሱ እኔን ያየኛል፣ እኔ እሱን አየዋለሁ። ምን እንባባላለን?

ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1928። በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል፣ ሰው መድኃኒቱን እንደ ነገሩ ከወሰደው ጀርሞቹ አይበገሬ ይሆናሉ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። የተሸለመ ዕለት! እኛ ብንሆን የምስጋና ንግግር አድርገን እንቀመጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ፣ መድኃኒት በማይበግራቸው ባክቴሪያዎች ሳቢያ በቀጥታ 1.27 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። በጣም የሚጎዳውም የኛው አህጉር ነው፣ ከሰሐራ በታች ያለው።

እሺ፣ ወደ አንደኛው ነጥብ።

አሞክሳሲሊን ስትውጡ ሰውነታችሁ ሁሉንም አይጠቀምበትም። ከግማሽ በላዩ ምንም ሳይለወጥ፣ መድኃኒት እንደሆነ፣ በሽንት ይወጣል። ሲፕሮ የሚባለው መድኃኒትም ጥሩ ድርሻው እንደዚያው ነው። እና የት ይሄዳል? ሽንት ቤት። ከሽንት ቤትስ? እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም እንላለን። «ጉድጓድ ገባ፣ አለቀ» እንላለን። አላለቀም።

እናቴን ላንሳ፣ ነፍሷን ይማረው። የብስኩት ቆርቆሮ ነበረቻት። ብስኩቱ ካለቀ ሃያ ዓመት ሆኖታል። ውስጡ የመድኃኒት ትራፊ ነው። የአጎቴ ቴትራሳይክሊን፣ የጎረቤት አምፒሲሊን፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቀይና ቢጫ ካፕሱል። ጉንፋን ለያዘው ሁለት ፍሬ። ሆዱን ላለው ሁለት ፍሬ። ጉልበቴ ሲላጥ ካፕሱሉን ከፍታ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ትነሰንስልኛለች። አቦ፣ ሳቃችሁ ምን ይላል? እናንተም ቤት ያ ቆርቆሮ አለ ማለት ነው! በዓመት በዓል ጽዳት ደግሞ ጊዜው ያለፈበትን ለቅማ ሽንት ቤት ትጨምረዋለች። ለኛ አስባ ነው፤ ልጆች እንዳያገኙት ብላ።

በ2006 ዓ.ም መጀመሪያ ያ የደንጊ ትኩሳት ድሬን ሲያጠቃት ታስታውሳላችሁ? ብዙ ሺህ ሰው ወደቀ። አጥንት የሚሰብር ትኩሳት። ደንጊ ቫይረስ ነው። ቫይረስን አንቲባዮቲክ፣ ማለትም እንደ አሞክሳሲሊን ያለ የባክቴሪያ መድኃኒት፣ አይነካውም፣ ምንም አያደርገውም። ያኔ ግን መድኃኒት ቤት በር ላይ ቆሜ የሰማሁት «ሁለት ፍሬ አሞክሳሲሊን ስጠኝ» ነው። አንድ ፍሬ የሚገዛም ነበር። ሻጩም ይሰጣል። ለምን አይሰጥም? እምቢ ቢል ከጎኑ ያለው ይሸጣል። ያ ሁሉ ካፕሱል ደንጊን አልገደለም። ሆዳችን ውስጥ ያሉትን ደካማ ጀርሞች ገደለ፣ ጠንካሮቹን አስቀረ። ከዚያ በሽንት ወጣ።

ዶሮ የምታረቡም አላችሁ። አውቃችኋለሁ፣ እንቁላል የምገዛው ከናንተ ነው። ዶሮዎቹ ሳይታመሙ ኦክሲቴትራሳይክሊን ዱቄት ውሃቸው ላይ የሚበጠብጥ የለም? የለም በሉኝና ደስ ይበለኝ። ... ዝም አላችሁ። የዶሮው ኩስ የት ይደፋል? ደቻቱ ዳር።

ደቻቱ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ዋናው ጉዳዬ እሱ ስለሆነ።

ከሌላ አገር የመጣ ሰው ደቻቱን በበጋ ቢያይ «ወንዙ የታለ?» ነው የሚለው። አሸዋ ነው። ኳስ እንጫወትበታለን፣ አሸዋ እንዝቅበታለን፣ እንሻገርበታለን። ቆሻሻም እንጥልበታለን። ደረቅ ስለሆነ የሚሰማን ነገር የለም። ወንዝ ላይ የጣልን አይመስለንም። ክረምት ሲመጣ ግን ከላይ ከደጋው ወርዶ ጠራርጎት ይሄዳል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም ሌሊት ያደረገውን ለናንተ አልነግራችሁም። ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደብን። እዚህ ውስጥ የዚያን ሌሊት ሐዘን ያልለቀቃቸው አሉ። ነፍስ ይማር።

እና ሰዉ ምን ይላል? «ጎርፉ ቆሻሻውን ወሰደው።» ወዴት ወሰደው? ደቻቱ እኮ ባሕር አይደርስም። ወደ ሽንሌ ሜዳ ይወርድና አሸዋ ውስጥ ይሰርጋል። ከፊሉ ገና እዚሁ ከተማችን ውስጥ ሳለ ወደ ታች ይገባል። አሁን የምጠይቃችሁን በደንብ ስሙኝ። የምንጠጣው ውሃ ከየት ነው የሚመጣው? ከሐይቅ ነው? ከግድብ ነው? ከጉድጓድ ነው። ከሳቢያን ጉድጓዶች፣ ከመሬት ሥር። የመሬት ሥሩን ውሃ ማን ይሞላዋል? ዝናብና ጎርፍ፣ በዚያው በአሸዋው በኩል።

ስለዚህ ያ አሸዋ የቆሻሻ ቦታ አይደለም። የእንስራችን አፍ ነው። እንስራ አፍ ላይ የዶሮ ኩስ የሚደፋ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ከሐረር የመጣችሁ አትሳቁብን። የሐረማያ ሐይቅ ሲደርቅ ውሃ ያገኛችሁት ከኛ ቆላ፣ ከሐሰሊሶ ጉድጓዶች፣ ሽቅብ ተገፍቶ ነው። እንስራው የጋራ ነው። (ጭብጨባ)

እርግጥ ነው፣ አፈርና አሸዋ ያጣራል። ብዙ ጀርም እዚያው ተይዞ ይቀራል። እግዜር የሠራው ማጣሪያ ነው። ግን ማጣሪያም ልክ አለው። በከተማችን ጉድጓዶች ውስጥ ናይትሬት የሚባል ኬሚካል ከፍ ብሎ መገኘቱ በጥናት የታወቀ ነው። ናይትሬት ከየት ይመጣል? አንዱ ትልቅ ምንጩ የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው። ናይትሬቱ መንገዱን ካገኘው ሌላውስ?

ይሄ የኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። ተመራማሪዎች በ104 አገሮች ከ258 ወንዞች ውሃ ቀድተው፣ ስንት መድኃኒት እንዳለበት ለኩ። የመድኃኒት ክምችት በብዛት ከተገኘባቸው ሦስት ከተሞች አንዷ ማን ናት? ላሆር አንድ፣ ላፓዝ ሁለት፣ ሦስተኛዋ አዲስ አበባ! የኛው አዲስ አበባ። እዚያ ፎቅ ላይ ሆኖ ድሬን «ሙቀታም» እያለ የሚያማት ሁሉ በመድኃኒት ወንዝ ተከቦ ነው ያለው። (ሳቅ) ብሳለቅም አይቀልም። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ሕንድ ውስጥ ሐይደራባድ አጠገብ፣ ከመድኃኒት ፋብሪካዎች የሚመጣ ፍሳሽ ከተጣራ በኋላ ተለካ። በአንድ ሊትር እስከ 31 ሚሊግራም ሲፕሮ ተገኘበት። ሲፕሮ እየዋጠ ያለ ሕመምተኛ ደም ውስጥ እንኳ ይሄን ያህል የለም።

ይሄ ሁሉ ወደ ሁለተኛው ነጥብ ያመጣናል። ውሃ ውስጥ ጀርሞቹ ምን ይሠራሉ?

ይሄን ሳስረዳ ሁልጊዜ ባቡሩን ነው የማነሳው። የድሮውን ባቡር። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ መልስ ተሳፍረን ነበር። እናንተ ወጣቶች ይሄን አታውቁትም። ፉርጎው ሴቶች ብቻ ነው። ሁሉም ዕቃ ይዘዋል። ሽቶ፣ ጨርቅ፣ ፓስታ፣ ሬዲዮ። ባቡሩ ፍጥነቱን ሲቀንስ አንዷ «ፊናንስ!» ትላለች፤ የኮንትሮባንድ ፈታሽ መጣ ማለቷ ነው። ከዚያ ምን ይሆናል? አንዷ ለማታውቃት ሴት «እህቴ፣ ይቺን ያዥልኝ» ትላለች። ያቺም ትይዝላታለች። ለኔም፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ ሦስት ሜትር ጨርቅ ወገቤ ላይ ጠመጠሙብኝ። አንድም ሰው እምቢ አላለም። ፈታሹ ሲገባ ዕቃው በሰው ሁሉ ተበትኗል። ምን ይያዝ? (ረጅም ሳቅ) አዎ አባባ፣ እርስዎ ፊናንስ ነበሩ መሰለኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ጀርሞች የሚሠሩት ይሄንኑ ነው። አንዱ ባክቴሪያ መድኃኒቱን የሚያመክንበት ምስጢር አለው። ምስጢሩ ፕላስሚድ በምትባል፣ ጀርሙ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀለበት ላይ ተጽፏል፤ ያ የሳህኑ ቀለበት አይደለም። ጎረቤቱን ይጠጋና «ይቺን ያዥልኝ» ይለዋል። ጎረቤቱ የሱ ዘር ላይሆን ይችላል። ከሰው ሆድ የመጣው ጀርም፣ ውሃ ውስጥ ከሚኖር ምንም ከማያደርገን ጀርም ጋር ይለዋወጣል። ከባቡሩ የሚለየው አንድ ነገር ነው። ሴቶቹ ዕቃውን ሲሰጡ እጃቸው ባዶ ይቀራል። ጀርሙ ግን ቅጂውን ነው የሚሰጠው። ሰጥቶም አይጎድልበትም። ፊናንስ የለበትም፣ ቀረጥ የለበትም፣ ኬላ የለበትም። ጃፓኖች ይሄን ያረጋገጡት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ተቅማጥ ላይ ያለው ጀርም በአንድ ጊዜ ለብዙ መድኃኒት አልበገር ሲላቸው ነው ነገሩን የደረሱበት።

ታዲያ ጀርሞች ለዚህ ሥራ የሚመቻቸው የት ነው? የሰው ሆድ አንዱ ነው። ሌላው ፍሳሽ ውሃ ነው። የሆስፒታል ፍሳሽ፣ የቤት ፍሳሽ፣ የከብት በረት ፍሳሽ፣ ሁሉም እዚያ ይገናኛሉ። በዚያ ላይ ውሃው ውስጥ ትንሽ መድኃኒት አለበት። ያ ትንሽ መድኃኒት ሁሉንም አይገድልም። ምስጢር የሌለውን ያዳክማል፣ ምስጢር ላለው ቦታ ይለቅለታል። ቱቦው ውስጥ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ያ የሚያዳልጠው ሽፋን አለ አይደል? እሱ የጀርም ሰፈር ነው። ተጠጋግተው፣ ተደጋግፈው የሚኖሩበት። መጋላ ሰፈርን በሉት፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ጎረቤት ነው።

ዴልሂ ላይ የሆነውን ልንገራችሁ። «ኤንዲኤም አንድ» የሚባል ምስጢር አለ። ሐኪም የመጨረሻ ብሎ የሚያስቀምጣቸውን መድኃኒቶች ሳይቀር የሚያመክን። መጀመሪያ የተገኘው ሕመምተኞች ላይ ነው፣ ሰዉም «የሆስፒታል ጉዳይ ነው» አለ። በኋላ ተመራማሪዎች ከተማው ውስጥ ዞረው ውሃ ቀዱ። እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ወጣ። መንገድ ላይ ካቆረና ከሚፈስ ውሃ 171 ናሙና ወስደው በ51ዱ ላይ አገኙት። ከቧንቧ ውሃ 50 ናሙና ወስደው በ2ቱ ላይ አገኙት። ሆስፒታል ያልረገጠ ሰው፣ ጥርሱን ሲፋቅ ሊያገኘው ይችላል ማለት ነው።

አሁን የኔን ልናገር። ይሄን ብዙ ጊዜ አላወራውም።

ስሙን የማልጠራው ሆስፒታል ነው፣ ዓመቱንም ተዉት። ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ አራስ ልጆች ትኩሳት ይዟቸው ናሙና ይመጣልኛል። ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ። ቀለበት የለም። በሳምንቱ ሌላ ሕፃን። ክሌብሲየላ፣ ቀለበት የለም። ነርሶቹ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ከየት ይመጣል? አንድ ቀን አንዲት ልጅ፣ ተለማማጅ፣ «እትዬ፣ ከመታጠቢያ ሳህኑ ቀዳዳስ ብንወስድ?» አለችኝ። ስቄ ነበር። ወሰድን። በበነጋው የካልቸሩን ሳህን ስከፍት ያው ጀርም ነው። ያው ክሌብሲየላ፣ ያው ቀለበት የሌለው ሳህን። የተረፈ መድኃኒትና የተረፈ ጉሉኮስ የሚደፋው እዚያ መታጠቢያ ሳህን ውስጥ ነበር። ጀርሙን መድኃኒትና ስኳር እየቀለብን አሳደግነው። ውሃው ሲከፈት ይረጫል፣ አጠገቡ የሕፃናቱ ዕቃ የሚዘጋጅበት ጠረጴዛ ነበር።

ጠረጴዛው ተነሳ። መድፋቱ ቆመ። ቱቦው ተቀየረ። ናሙናው እየቀነሰ ሄደ። ግን በዚያ መሀል ያጣናቸው ልጆች ነበሩ። እናቶቻቸውን እስካሁን ገበያ ላይ አገኛቸዋለሁ። ሰላም እንባባላለን። ስለ መታጠቢያ ሳህኑ ነግሬያቸው አላውቅም።

...

ውሃ ስጡኝ እስቲ። ... የታሸገ ነው? የቧንቧው ይሻለኛል፣ አፍልታችሁት ከሆነ። (ሳቅ)

ሦስተኛው። አጭር ነው ብያለሁ፣ አጭር ነው።

መጀመሪያ አትደንግጡ። መድኃኒት የማይበግረው ጀርም ፍል ውሃን አይችልም። ሲፈላ እንደማንኛውም ጀርም ይሞታል። ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያም፣ በመመሪያው ልክ ከተጨመረና ግማሽ ሰዓት ከተጠበቀ፣ ሥራውን ይሠራል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣላችሁ፣ በርሜልና ሮቶ የምትሞሉ፣ ክዳኑን ግጠሙት። ትንኝም አይራባበትም፤ ለደንጊውም ለወባውም ይጠቅማችኋል። ነገሩ፣ ካልታመምን መድኃኒት አያስፈልገንም ነው። ክትባትና ሳሙና ከሲፕሮ ይረክሳሉ።

የቤታችሁን ቆርቆሮ ባዶ አድርጉት። ግን ሽንት ቤት አትክተቱት፣ ደቻቱም አትጣሉት። እዚያ በር ላይ ካርቶን አስቀምጫለሁ። የተረፈና ጊዜው ያለፈበትን እዚያ ጨምሩ። አንድ መድኃኒት ቤት ጊዜ ካለፈበት መድኃኒቱ ጋር አብሮ እንዲያስወግድልኝ ተስማምቻለሁ።

ሐኪም «አንቲባዮቲክ አያስፈልግህም» ካለህ፣ «ሐኪሙ አያውቅም» ብለህ ወደ መድኃኒት ቤት አትሩጥ። ያ ሐኪም ጎበዝ ነው። ካዘዘላችሁ ደግሞ ባዘዘላችሁ ልክ ውሰዱ፣ ለጎረቤት አታካፍሉ። ቡና ይካፈላል፣ ስኳር ይካፈላል፣ ካፕሱል አይካፈልም።

ለእድሮቻችን አንድ ነገር ልለምን። የሽንት ቤት መጣጭ መኪና ስትጠሩ የት እንደሚደፋ ጠይቁ። ሌሊት ደቻቱ ላይ ሲደፋ ያየሁት መኪና አለ፤ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ አሽከርካሪውም ራሱ ያውቃል። እድር እኮ ጉልበት አለው። ድንኳንና ብረት ድስት መግዛት ብቻ አይደለም ሥራው። «የመድፊያ ቦታ ደረሰኝ ካላመጣህ አንከፍልም» ብሎ አንድ ሰፈር ቢያድም፣ መኪናው ወዴት ይሄዳል? ይሄን በሚቀጥለው ወር ስብሰባ አጀንዳ አድርጉልኝ። ሰብሳቢያችን፣ ጻፉት። እያየሁዎት ነው፣ ይጻፉት። ... እግዜር ይስጥልኝ።

ዶሮ አርቢዎች፣ እናንተን ለብቻ አገኛችኋለሁ። በቁጣ አይደለም፣ በቡና።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ። እዚያ ከኋላ እጃቸውን ያወጡት እናት ይቅደሙ። ... ማይኩን አቀብሏቸው። ... ምን ይዘዋል በእጅዎ? ኧረ! ቆርቆሮውን ይዘውት መጥተዋል እንዴ?